ጢም ያለው ግድግዳ

እጃችሁን ጨብጦ ሰላም ሲላችሁ ዓይኑን ከጀርባችሁ ባለው ግድግዳ ላይ የሚተክል ሰው የሌለበት ከተማ በአገራችን የለም። አለ የሚል ከመጣ፣ ወይ ከተማው ከድንጋይ የተሠራ ነው፣ ወይ ያ ሰው ራሱ ተናጋሪው ነው። ይህ ዓይነቱ ሰው የልጆቻችሁን ጤንነት አይጠይቅም። ስለ ዝናቡም፣ ዘንድሮ ስለሚጠበቀው ቡናም አያነሳም። «ይሄ ጥግ መቼ ተሰነጠቀ?» ይላል። ቤቱን ከሠራችሁ ጀምሮ ልብ ያላላችሁት ስንጥቅ ከዚያች ደቂቃ ወዲያ እንቅልፍ ይነሳችኋል።

የዲላው የዚህ ወገን አለቃ፣ የግድግዳዎች ሁሉ ሐኪም፣ የስንጥቆች መርማሪ ዳኛ፣ ክቡር አቶ ጴጥሮስ ጅግሶ ይባላል። ሥራው ጭቃ ቤት መምረግ ነው። ቀጭን ነው፤ በጥፍሮቹ ሥር ቀይ አፈር አይጠፋም፤ እሁድ ወደ ጸሎት ቤት ሲሄድ የሚለብሰው ኮት ክርኑ ላይ ኖራ ነክቶታል። አማርኛን የተማረው ገበያ ውስጥ ስለሆነ ዳኛውንም ዘበኛውንም «አንተ» ይላል። ግድግዳን ግን «እሷ» ይላታል፤ እንደ ታመመች እህቱ አድርጎ ነው የሚያወራላት።

ምርመራው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በመሐል ጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ኩ፣ ኩ፣ ኩ። ቀጥሎ መዳፉን ያሳርፋል። በመጨረሻ ጆሮውን ይለጥፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ፍርዱ ሁለት ዓይነት ነው። ደህና ከሆነች «ተኝታለች» ይላል። ደህና ካልሆነች ግንባሩን ቋጥሮ «ቆዳዋ ከሥጋዋ ቀድሟል!» ይላል። በዐሥር ዓመት ትውውቃችን ሦስተኛ ፍርድ ሲሰጥ አልሰማሁም።

ይህን ሥርዓት የትም ቦታ ያካሂደዋል። አንድ ጎረቤታችን ሞተው ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ኩ ኩ ኩ የሚል ተሰማ። የሟቹ ልጅ እንግዳ መጣ ብላ ተነስታ በሩን ከፈተች፤ ማንም የለም። ተመልሳ እንደተቀመጠች እንደገና ኩ ኩ ኩ። ዘወር ብንል ጴጥሮስ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኗል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት ሲነቃ። «አባትሽ በሕይወት ሳለ ነግሬው ነበር። ከጣራ በታች ያለችውን ሳትደርቅ ነው የለሰናት።» ልጅቱ ለሁለተኛ ጊዜ ማልቀስ ጀመረች፤ የአሁኑ ለቅሶ ለማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ጸሎት ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ሰባኪው ስለ መጨረሻው ቀን ሲናገሩ እንባ ባቀረረ ዓይን ወደ ላይ አንጋጦ አዩት አሉ። ሰባኪው ደስ ብሏቸው «ወንድማችን ጴጥሮስ ልቡ ተነክቷል፤ ይመስክር» አሉ። ተነሳና መሰከረ። «ከአንተ ጀርባ ያለችው ልስን ለቃለች፤ ወደዚህ ጠጋ በል» አላቸው።

እኔ ቤት የሚመጣው እሁድ እሁድ ነበር። ባለቤቴ ሙሉእመቤት ለመስቀል የቀባችውን ኖራ አንድ ቀን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፈልቅቆ ቂጣ የሚያህል አነሳላት። «እያት፣ እንደ ፈላ ወተት ቆዳ ነች። ከታች ያለውን አልያዘችም» አለ፤ ውለታ የዋለ ነው የመሰለው። ሙሉ ከዚያ ወዲህ የማንኳኳቱን ድምፅ ስትሰማ ድስቷን ከድና ጓዳ ትገባለች። «ያ የግድግዳ ቅማል መጣልህ» ትለኛለች በበሩ ቀዳዳ።

ሰውየው ሰነፍ መራጊ ቢሆን ኖሮ ይቀልል ነበር። ክፋቱ፣ በዲላ የእሱን ያህል የሚችል የለም። ግን ማን ይታገሠዋል? የመጀመሪያውን ምርጊት ይመርግና ጥሎ ይሄዳል። ባለቤቱ በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ሲያይ ጴጥሮስን ፍለጋ ገበያውን ያምሰዋል። ጴጥሮስ ሲገኝ ደስ ብሎት «እሰይ! ትሰንጠቅ፤ ያላትን ሁሉ ትጨርስ» ይላል። «ሁለተኛዋ ስንጥቋ ውስጥ ገብታ ትይዛታለች። ግድግዳ በአንድ ቀን አታድግም።» ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከወር በኋላ ሦስተኛውን ይመርጋል። በጭቃው ውስጥ ከእንሰት የሚፋቀውን ቃጫ በስንዝር በስንዝር እየቆረጠ ይነሰንሳል። ቃጫው ታዲያ ሲደርቅ ጫፍ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። የጴጥሮስ ግድግዳ የጠዋት ፀሐይ በጎን ሲመታው ሳምንት ያልተላጨ ሰው ይመስላል።

አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ስወጣ ጠብቆ፣ መኪኖች የሚያድሩበት ሜዳ ጓሮ ወሰደኝ። ዝናብ አቁሮ የደረቀ ጉድጓድ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ ቁጢጥ አልኩ።

«ፀሐይ የምትነካው ፊቷን ብቻ ነው» አለኝ። «ፊቷ ይደርቃል። ሲደርቅ ያንሳል። ሥጋዋ ገና እርጥብ ነው፣ ማነስ እምቢ ይላል። ቆዳው ይጎትታል፣ ሥጋው እምቢ ይላል። ከዚያስ?»

«ይቀደዳል» አልኩ፣ ቶሎ እንዲያልቅልኝ።

«ጎበዝ! አሁን ዳሩን እይ።» ጭቃው ስስ በሆነበት በዳሩ በኩል ስንጥቁ ጥፍር ጥፍር በሚያህል ተከፋፍሏል። ወደ መሐል፣ ጭቃው በወፈረበት፣ አንዱ ቁራጭ ከመዳፍ ይበልጣል፤ ጠርዙም ወደ ላይ ተገልብጧል። ጣቶቹን ገጥሞ ለካልኝ። «ቀጭን ቆዳ በጣት በጣት ይሰነጠቃል። ወፍራም ቆዳ በክንድ ይሰነጠቃል። ብዙ ትናንሽ ስንጥቅ ካየህ አትፍራ፣ ቀጭን ነች፤ ብትወድቅም አቧራ ነች። አንድ ስንጥቅ ብቻ ካየህ፣ ሌላው ደግሞ ሩቅ ከሆነ፣ ያኔ ፍራ። እሷ ስትወርድ በአንዴ ነው።»

«እሺ ጴጥሮስ» አልኩና ጫማዬን አየሁ። ጭቃ ነክቶት ነበር። የዚያን ቀን ትምህርት በሙሉ ልቤ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሰው የሚስቅበት፣ እኔም አብሬ የምስቅበት ብቻ በሆነ ነበር።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ አንድ ከፍተኛ እንግዳ በዲላ በኩል እንደሚያልፉ ከላይ ተነገረን። ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ወዲያው «የመንገድ ዳር ቤቶች ማሳመሪያ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ካባ የሚወዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስማቸውን ልተወው። ጸሐፊው እኔ ፈለቀ ነበርኩ፤ የተመረጥኩት እጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። በዋናው መንገድ ፊት ለፊት ያለ ቤት ሁሉ በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ተለስኖ ኖራ እንዲቀባ፣ ያልቀባ ሱቁ እንዲታሸግ ስድስት አንቀጽ ያለው ትእዛዝ አወጣን። የመስከረም ዝናብ ገና አላባራም፤ ግድግዳው ሁሉ እንደራሰ ነው።

አራተኛዋን አንቀጽ ያረቀቅኋት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ በቃሌ እችላታለሁ። «ማናቸውም ግድግዳ በመንገድ ፊት በኩል ቃጫ፣ ጭድ ወይም ሌላ ጢም መሰል ነገር አውጥቶ መታየት በፍጹም የተከለከለ ነው።» ሊቀመንበሩ «ጢም መሰል» ላይ ሲደርሱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጴጥሮስ ኮሚቴው ከተሰበሰበበት ክፍል ገባ። በሁለት እጁ የታቀፈውን ቃጫ ሊቀመንበሩ ፊት ጠረጴዛው ላይ ቆለለው።

«ይሄ ጢም አይደለም» አላቸው። «ጅማት ነው። ጅማት ከሌላት ቆዳዋን ከሥጋዋ ማን ይይዛታል? አንተ ራስህ ጅማትህን ባወጣ ትቆማለህ?»

«አንተ!» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ካባቸውን እየሰበሰቡ። «ማንን ነው አንተ የምትለው? አንሳ ይህን ገለባህን!»

እኔ ሳቅኩ። ክፍሉ ውስጥ ቀድሞ የሳቀው እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ተከተሉኝ። ጴጥሮስ አንድ በአንድ አየን፤ ቃጫውን ሰብስቦ ሲወጣ በሩ አጠገብ ያለችውን ግድግዳ እንኳ አላንኳኳትም።

በዋናው መንገድ መሐል የሸምሰዲን ሱቅ አለ። ሸምሰዲን ጨርቅና ጨው የሚሸጥ፣ ከጉራጌ አገር ወጣት ሆኖ የመጣ፣ ሰው የማያስቀይም ነጋዴ ነው። የሱቁ ግድግዳ ከዓመታት ጀምሮ ወደ ውጭ ሆድ አውጥቷል። ትእዛዙ እንደወጣ ጴጥሮስን ጠራው። ጴጥሮስ አንኳኳ፣ አዳመጠ፣ «አፍርሳት። ሁለት ወር ስጠኝ» አለው።

ሸምሰዲን እኔ ዘንድ እየሮጠ መጣ። «ወላሂ አቶ ፈለቀ፣ ሁለት ወር ከየት አመጣለሁ? ሱቄ ከታሸገ ቤተሰቡ ምን ይበላል? እባክዎ ቀን ያስጨምሩልኝ።»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ እንጂ ምን ሥልጣን አለኝ» አልኩት። እውነት ነው፤ ግን መጠየቅ እችል ነበር።

ሸምሰዲን ከሌላ ከተማ ለሳኞች አስመጣ። እነሱም ሆዱን ለመሰወር፣ ከሆዱ በላይና በታች ያለውን ጎድጓዳ በጭቃ ሞልተው ግድግዳውን ቀጥ አደረጉት፤ ላዩን ሲሚንቶና ኖራ አለበሱት። በአራተኛዋ አንቀጽ መሠረት አንዲት የቃጫ ዘለላ አልገባችበትም። በስድስት ቀን አለቀ። ፊቱ ልሙጥ፣ ነጭ፣ እንደ ቀበቶ የተወጠረ ሆነ።

እንግዳው ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ኮሚቴው ለቁጥጥር ወጣ። ለአሸናፊው ቤት አንድ ጋቢና የምስጋና ወረቀት ተዘጋጅቷል። የቸኮለ ሥራ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ተሰነጣጥቋል። ከቤት ቤት ስንሄድ ባለቤቶቹ በእርጥብ ጨርቅ ስንጥቃቸውን ሊደብቁ ይሯሯጣሉ፤ ሊቀመንበሩም በከዘራቸው እየጠቆሙ «ይኼ ግድግዳ ነው ወይስ የአሮጊት ተረከዝ?» እያሉ ያሸማቅቋቸዋል። ሸምሰዲን ሱቅ ስንደርስ ከዘራቸው አየር ላይ ቀረ። በዚያ ሁሉ ነጭ ፊት ላይ ከጣራው ሥር የወረደች አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ብቻ አለች። ሌላይቱ ከሱቁ በር ወዲያ፣ በሩቁ ናት።

«ግድግዳ ማለት ይህ ነው!» አሉ። ጋቢውን እዚያው ትከሻው ላይ ጣሉለት። ሸምሰዲን እጅ ነሳ።

ጴጥሮስ ከኋላችን እየተከተለ መጥቶ ነበር። ሁሉም ሲያልፍ እሱ ቀረ፤ እኔም ወረቀቴን ስሰበስብ ቀረሁ። ከስንጥቅ እስከ ስንጥቅ ያለውን በጣቱ ሊለካ ጀመረና ተወው። ሁለት ክንዶቹን ዘርግቶ ግድግዳዋ ላይ ተለጠፈ። አንዱን ስንጥቅ ይዞ ሌላውን መድረስ አልቻለም። ወደ እኔ ተመለሰ።

«አቶ ፈለቀ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ውፍረቷ ከስድስት ጣት በላይ ነው። ሥጋዋ ገና ውኃ ነው። ትወርዳለች።»

«መቼ?»

«ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ በመታት ቀን። ማንም እዚህ ሥር አይቁም። አንተ ለእነሱ ንገር፤ አንተን ይሰሙሃል።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት። ያኔ ከልቤ ነበር። ኮሚቴውን ስደርስበት ሊቀመንበሩ ስለ ሸምሰዲን ግድግዳ ለሦስተኛ ጊዜ እየተረኩ ነበር። የሸለሙትን ግድግዳ ይወድቃል ብዬ መንገር ከበደኝ። ነገ እነግራለሁ አልኩ። ነገም አልነገርኩም።

ጴጥሮስ ዝም አላለም። ሁለቱን ቀን ሱቁ ፊት ቆሞ የመጣውን ሁሉ እጁን እያወናጨፈ ያባርር ጀመር። ሰው ሳቀበት። ከሁሉ ይበልጥ የሳቀችው ወርቂቱ ናት። ወርቂቱ ከቡሌ ደጋ ቅቤ ተሸክማ በእግሯ እየወረደች፣ ለዓመታት እዚያው ሸምሰዲን ደጃፍ የምትሸጥ ባልቴት ነበረች፤ እልልታዋ የከተማውን ሠርግ ሁሉ ያደምቃል።

«ተነሽ እዚህ አትቀመጪ፣ እሷ ትወርዳለች» አላት።

«ወይ ጴጥሮስ! አንተ እኮ የኔንም የፊቴን ስንጥቅ ቆጥረህ ቀብረኸኛል» አለችው። «እኔ ስንጥቄ ብዙ ነው። ብዙ ከሆነ አትፍሪ አላልክም?» ቅቤዋን ጥቂት ፈቀቅ አደረገች፣ ለሱ ብላ፤ እሱ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር መልሳ ጠጋች።

እንግዳው በሚመጡበት ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። ለሁለት ሳምንት ከደመና ጠርታ ያላየናት ፀሐይ ወጣች፤ ሁላችንም መልካም ምልክት ነው አልን። እንግዳው በአራት ሰዓት ይደርሳሉ ተብሎ ሕዝቡን በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሰለፍኩት እኔ ነኝ። የእልልታ ሴቶችን የት ላቁም ብዬ አየሁ፤ የሸምሰዲን ግድግዳ ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ጥላ አለው። ወርቂቱ «ልጄ፣ ጉልበቴ አይችልም፣ ጥላ ስጠን» አለችኝ። የጴጥሮስ ነገር ትዝ አለኝ። ግድግዳውን አየሁት፤ ቀጥ ብሎ፣ ነጭ ሆኖ፣ ከመንገዱ ሁሉ አምሮ ቆሟል። በአራት ሰዓት መጥተው በአራት ተኩል ያልፋሉ፣ ይህ ሁሉ ለግማሽ ሰዓት ነው አልኩ በልቤ። እዚያው አቆምኳቸው። ጴጥሮስን ፖሊሶች አለባበሱ አያምርም ብለው ጠዋቱን ከዋናው መንገድ አርቀውታል።

አራት ሰዓት አለፈ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰልፍ እንዳይፈርስ ትእዛዝ ስለነበር የተቀመጠ እንኳ አልነበረም። በሰባት ሰዓት ጥላው ሸሸ፣ በስምንት ሰዓት ፀሐይዋ ግድግዳውን ፊት ለፊት መታችው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

ጴጥሮስ በሸምሰዲን ጓሮ ገብቶ፣ በሱቁ አቋርጦ በበሩ ብቅ አለ። «ተነሱ! ውጡ ከዚህ!» እያለ ጮኸ። ሴቶቹ ፖሊሱን አዩ፤ ፖሊሱ እኔን አየኝ። እኔ ሊቀመንበሩን አየሁ። ማንም እንደማይሰማው ሲያውቅ ጴጥሮስ ወደ ግድግዳዋ ዞረና በቀኝ መዳፉ መታት። ድም። ባዶ ድምፅ ነው፤ ከመንገድ ማዶ ተሰማ። «ስሟት! ስሟት! ለቃለች እኮ!» ድም፣ ድም።

ያን ድምፅ ሲሰሙ አብዛኞቹ ሴቶች ደንግጠው ወደ መንገዱ ዘለሉ። ወርቂቱ ግን ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ግድግዳው ዞረች።

ከጣራው ሥር እስከ መሬት፣ ነጩ ፊት በሙሉ በአንዴ ለቀቀ። ጩኸት አልነበረውም፤ እንደ ከባድ ጆንያ ዱብ አለ፣ ከዚያ አቧራ ሆነ። አቧራው ሲቀንስ የቀረው ግድግዳ ቀይ ሆኖ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ውኃ እያንጠባጠበ ቆሟል። ጴጥሮስ ቀኝ እጁ ከቁራጩ ሥር ተይዞ ተንበርክኳል። በሌላ እጁ ወርቂቱን ሊያወጣ አፈሩን ይቧጥጣል። ስናወጣት ሕይወቷ አልፎ ነበር። ሸምሰዲን የሽልማቱን ጋቢ ከሱቁ አምጥቶ አለበሳት።

ዐሥር ሰዓት ላይ እንግዳው በሌላ መንገድ ማለፋቸው ተነገረን። ሰልፉን በትኑ ተባለ።

ማታውኑ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ካባቸውን አውልቀው ነበር፤ ያለ ካባ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፣ አንሰው ታዩኝ። ማን ምን እንዳለ አልዘረዝርም። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ጴጥሮስ ጅግሶ የተባለው ግለሰብ በመልካም ሁኔታ የተለሰነውን ግድግዳ በመዳፉ ደጋግሞ በመደብደብ ስላናጋው ለአደጋው ምክንያት ሆኗል።» ውሸት አይደለም፤ መቶ ሰው ሲመታው አይቷል። ስለ አራተኛዋ አንቀጽ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ፈረምኩና ቀለሙን በመምጠጫ ወረቀት አደረቅኩት። ወርቂቱን ቡሌ ወስደው ሲቀብሯት ሸምሰዲን በእግሩ ሄደ። እኔ አልሄድኩም። ጴጥሮስ አንድ ዓመት ተፈረደበት።

የተፈታ ዕለት እሁድ ነበር። ማዕድ ቀርቦ ሳለ በራችን ላይ ቆመ፤ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች የሉም። ግድግዳዬን አላየም፣ አላንኳኳም። ሙሉ ያን ሁሉ ዘመን ከእሱ የምትሸሽ ሴት ተነስታ የራሷን ወንበር ሰጠችው፣ ቆጮውን ከጎመኑ ጋር አቀረበችለት። በግራ እጁ በላ። ሲጨርስ ጠየቀኝ።

«አቶ ፈለቀ፣ ባልመታት ትቆይ ነበር?»

መልሱን አውቀው ነበር።  «ማን ያውቃል» አልኩ።

የሚቀጥለው እሁድም ያንኑ ጠየቀኝ። የሚቀጥለውም። በከተማው ግድግዳ ማንኳኳት ተወ። ሰው መጀመሪያ ተገላገልን አለ፤ ኋላ ግን «ጴጥሮስ፣ እስቲ ይችን እያት» እያለ ይለምነው ጀመር። እሱ እጆቹን ከኮቱ ኪስ አያወጣም፤ «እኔ ከነካሁ ትወድቃለች» ይላል። ያ ኩ ኩ ኩ የጠፋበት ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚያስፈራ የማያውቅ አያውቅም። ናፈቀኝ። እሰለቸዋለሁ ስል የኖርኩት ሰው ናፈቀኝ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቆጮ እየበላ ናፈቀኝ።

አምና ከገና በኋላ የፊት ለፊት ግድግዳዬን አፈረስኩና «ጴጥሮስ፣ መርገኝ» አልኩት። እምቢ አለ። ሙሉ ለመነችው። በአንድ ጤነኛ እጅና በሁለት ጣት አምስት ወር ፈጀበት። የመጀመሪያው ምርጊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጣጠቀ፤ ጎረቤት ሳቀብን። ሁለተኛው ገባበት። ሦስተኛው ላይ «ቃጫ ልቀንስ?» አለኝ ወደ መሬት እያየ።

«ጨምር» አልኩት።

አሁን በዲላ ዋና መንገድ ላይ ጢም ያለው ግድግዳ የእኔ ብቻ ነው። ሳልፍ ኮቴን ይይዘኛል።

ሥራው ባለቀ ማግስት ቁጭ አድርጌ የኮሚቴውን የትእዛዝና የቃለ ጉባኤ ግልባጭ አነበብኩለት። ማንበብ ስለማይችል ሁለቱንም ማን እንደጻፋቸው አያውቅም ነበር። አራተኛዋን አንቀጽ አነበብኩ፣ እኔ ነኝ አልኩት። ቃለ ጉባኤውን አነበብኩ፣ እኔ ነኝ አልኩት። እነግራቸዋለሁ ብዬ እንዳልነገርኩ፣ ወርቂቱንም እዚያ ያቆምኳት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት።  ከዚያ ቆቡን አንስቶ ወጣ።

የመጀመሪያው እሁድ አልመጣም። ሁለተኛውም። ሙሉ ወንበሩን ከቦታው አላነሳችውም፤ እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። የሚገባኝ ነው አልኩ። በአራተኛው እሁድ ምሳ ላይ ሳለን ከውጭ ኩ፣ ኩ፣ ኩ የሚል ተሰማ።

ሙሉ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። «ግባ ጴጥሮስ!» አልኩ። አልገባም። ድምፁ ከበሩ አጠገብ ጀምሮ ወደ ጥጉ ሄደ፣ ከጥጉ ተመለሰ፤ መጀመሪያ በአንጓ፣ ቀጥሎ በመዳፍ። ከዚያ መዳፉ በረታ። ድም። ድም። እንደዚያን ቀን በሙሉ ኃይሉ ነው የሚመታት። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ፤ ከግድግዳዋ ግን ፍርፋሪ አልወረደም። ስንት ጊዜ እንደመታት አልቆጠርኩም። ሲደክመው ቆመ፤ ትንፋሹ በጭቃው ውስጥ አልፎ ይሰማናል።

«አቶ ፈለቀ!» አለ ከውጭ። «መታኋት፤ አልወደቀችም!»

ማዕዱን ትቼ ተነሳሁና ከውስጥ በኩል መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ።

«ሰማሁ» አልኩት።